ጥሪው በጥቅምት፣ እህሉ በታኅሣሥ

ግልጽ ደብዳቤ

ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለአርሲ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ለላኩ ወላጆች

ጉዳዩ፦ የተማሪዎች የገንዘብ ጭንቀትና የክፍያ ወቅት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የገንዘብ ጭንቀት ምንጩ ሁለት ነው፤ አንዱ የገንዘቡ ማነስ፣ ሌላው ገንዘቡ በሚፈለግበት ቀን አለመገኘቱ። ስለ መጀመሪያው በየስብሰባው ይነገራል። ሁለተኛው እምብዛም አይነሳም፤ በአርሲ ደጋ ግን ቤተሰብን ይበልጥ የሚያስጨንቀው እርሱ ነው። በጢዮ፣ በድገሉና ጢጆ፣ በለሙና ቢልቢሎ ወይም በሄጦሳ ወረዳ የሚያርስ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ እጁ ባዶ አይሆንም። እጁ የሚያጥርበት ወቅት አለ፤ ያ ወቅት ደግሞ ልጁ ወደ ግቢ ከሚጠራበት ወቅት ጋር ይገጥማል።

የዚህ አካባቢ ገበሬ ዋና ገቢ ስንዴና ገብስ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገዛው ከክረምቱ መግቢያ በፊት ነው፤ በዚያ ጊዜ ያለው ብር ወደ መሬት ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚጎድልበት፣ ለፀረ አረምና ለቀን ሠራተኛ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ገብሱ ቀደም ይላል። ስንዴው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች ግርጌ ባለው ብርዳም ደጋ ደግሞ እስከ ጥር ይታጨዳል። ኮምባይነር ተከራይቶ፣ ኪራዩ ተከፍሎ፣ እህሉ ገበያ ወጥቶ ወይም ለዩኒየን ገብቶ ብር እጅ የሚገባው በታኅሣሥና በጥር ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይወጣል። አዲስ ገቢ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የምደባ ዝርዝር ከተገለጸ በኋላ ለመዘጋጀት የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው፤ እህሉ ግን ገና ማሳ ላይ ቆሟል።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ቤተሰቡ ያሉት መንገዶች ሁሉ ኪሳራ አለባቸው። አንዱ ጊደር ወይም በግ በችኮላ መሸጥ ነው፤ ሻጩ ቀን እንዳጠረበት ያወቀ ገዢ ዋጋ አይጨምርም። ሌላው ባህር ዛፉን ሳይደርስ ማስቆረጥ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ከነጋዴ ብር ወስዶ ስንዴውን ገና ሳይታጨድ በተቆረጠ ዋጋ መስጠት ነው። በዚህ መንገድ የሚጠፋው ገንዘብ በየትኛውም ተቋም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለውም፣ ተማሪውም አልበላውም። ሁለት ወር ቢጠበቅ ኖሮ ግን ለአንድ ሴሚስተር ይበቃ የነበረ ብር ነው። ተማሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጊደሯ በስሙ እንደተሸጠች እያሰበ ነው ክፍል የሚገባው።

አንዳንዱ ወጪ ከጥሪው ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይመጣል። ማስታወቂያዎቹ የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ መምጣትን ያዛሉ። በወረቀት ላይ አጭር የሆነው ይህ ዝርዝር በገበያ ዋጋ ሲተመን ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከቆላ አገር ተመድቦ ወደ አርሲ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ከዝርዝሩ በተጨማሪ ወፍራም ጃኬትና የተዘጋ ጫማ እንደሚያስፈልገው የሚገነዘበው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። የአርሲ ልጅ በበኩሉ በምደባ ወደ ሩቅ ክልል ሲሄድ የአውቶቡሱ ክፍያ፣ መንገድ ላይ ማደሪያውና መመለሻው ይጠብቁታል። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብዙዎቹ ግን አዲስ አበባ የጉዞው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለችም።

መንግሥት ያበላል፣ ያስተኛል፣ ያስተምራል ይባላል፤ እውነት ነው። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን ምግብ በጀት ለረጅም ዓመታት 15 ብር ነበር፣ በኋላ 22 ብር ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ጭማሪው የዘገየ ቢሆንም ትልቅ ነው፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ ሰው ማብላት ለማንም አስተዳዳሪ የማይቻል ሥራ ነበር። ሆኖም ከካፌው ማዕድ ውጪ የሚቀረው ወጪ ብዙ ነው። ሳሙና፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ የሞባይል ካርድና ዳታ፣ የሀንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ የአሳይንመንት ፕሪንት፣ ጥናት አምሽቶ ካፌው ከተዘጋ በኋላ የሚበላ ዳቦ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስልክ፣ ላፕቶፕና ወረቀትን የመሰሉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ለተማሪ ይበልጥ ራቁ። ቤተሰብ በወር የሚልከው ገንዘብ ግን የሚያድገው በምንዛሪ ተመን ሳይሆን በስንዴ ዋጋ ነው።

ነን ካፌ የሚባሉት፣ ማለትም በካፌ መመገብን ትተው የቀለባቸውን ገንዘብ በወር የሚቀበሉት ተማሪዎች፣ ሌላ ችግር አለባቸው። ገንዘቡ አንድ ላይ ይመጣል፤ ሲመጣ ያለፈው ወር ዕዳ ይጠብቀዋል። በቀን 100 ብር ሒሳብ ለሠላሳ ቀን 3,000 ብር ነው። ክፍያው በአሥር ቀን ቢዘገይ ተማሪው የ1,000 ብር ምግብ በዱቤ በልቷል ማለት ነው፤ የዱቤ ዋጋ ደግሞ ከእጅ በእጅ ዋጋ ይበልጣል። እዚህ ላይ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ምንም ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የክፍያውን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅና ቀኑን መጠበቅ ነው። ዕለቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተማሪ 2,500 ብርም ያብቃቃል፤ ቀኑን የማያውቅ በ3,000ም ይቸገራል።

ገንዘብ የማጣት ሐሳብ ትምህርትን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያሳይ ለአርሲ ሁኔታ የሚቀርብ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት ተደርጓል። አናንዲ ማኒ፣ ሰንዲል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣኦ የተባሉ ተመራማሪዎች 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና ከመከር በኋላ በማመዛዘንና በትኩረት ፈተና ፈተኗቸው፤ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ያው ገበሬ፣ ያው አእምሮ፣ ከመከር በፊት ሲፈተን ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ። በዚያ አካባቢ የመከሩ ቀን ከገበሬ ገበሬ ስለሚለያይ ልዩነቱን ለአየር ንብረት ብቻ መስጠት አልተቻለም። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ስለ ነገው ብር ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለ አእምሮ ለሌላው ሥራ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። የልዩነቱ መጠን አሁንም በምሁራን ዘንድ ያከራክራል። ሆኖም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሚድ ኤግዛም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የአባቱ ስንዴ ሳይታጨድ እንደሆነ የሚያስተውል መምህር ጉዳዩን በቸልታ ሊያልፈው አይገባም።

ጭንቀቱ በግቢ ውስጥ የሚታይባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ጨጓራ ያመዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ የቡድን ሥራ ላይ መዋጮ ሲጠየቅ ይቀራል። ፕሪንት የሚጠይቅ አሳይንመንት ያለበት ቀን ክፍል አይገባም፤ መምህሩ ስንፍና ይመስለዋል። ከቤት ሲደወል ስልኩን አያነሳም። ሴት ተማሪ ላይ ጫናው ይከብዳል፤ ችግሯን አይቶ በገንዘብ የሚቀርባት ሰው ከግቢው በር ብዙ አይርቅም፣ እርዳታውም ያለ ዋጋ አይሰጥም። የዚህን ነገር መኖር ሁሉም ያውቃል፤ በጽሕፈት ቤት ደረጃ በግልጽ መነጋገር ግን ይፈራል። ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያና የኪስ ገንዘብ መስጠት እንደ ትንሽ በጎ አድራጎት ሳይሆን እንደ ጥበቃ ሥራ መታየት አለበት።

ተማሪው ቀዳዳውን በራሱ መንገድ ይደፍናል። ከዶርም ጓደኛ መበደር የመጀመሪያው ነው። በር ላይ ያለው ሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። የኦርቶዶክስ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊም ጀመዓና የፕሮቴስታንት ፌሎሺፕ አባሎቻቸውን በጸጥታ ይረዳሉ፤ ከየትኛውም ይፋዊ መሥሪያ ቤት ቀድመው የተቸገረውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የስልክ ብድር ተጨምሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከዳሸን ባንክ ጋር መላና እንደኪሴ የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን አስተዋውቋል፤ ሌሎች ባንኮችም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለመንገድ እንዲህ ያለ ብድር ይጠቅማል። ለዕለት ጉርስ ሲሆን ግን ሒሳቡ መታየት አለበት። ለአንድ ሳምንት በተወሰደ 500 ብር ላይ 15 ብር የአገልግሎት ክፍያ ትንሽ ይመስላል። ብድሩ በየሳምንቱ እየተመለሰ እንደገና ከተወሰደ ግን በአራት ሳምንት 60 ብር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ወር ብቻ ከመቶ 12 ነው። ቁጠባ ግን በባንክ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት ከመቶ 7 ያስገኛል። የስፖርት ውርርድ፣ ቤቲንግ የሚሉት፣ እንደ ቀዳዳ መድፈኛ መቆጠርም የለበትም። የቀለብን ገንዘብ በጨዋታ ውጤት ላይ ማስያዝ ችግርን መፍታት ሳይሆን ችግሩን ለሌላ ሰው ትርፍ ማድረግ ነው።

ለተማሪው ከሚሰጡ ምክሮች ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው ገንዘቡን በሳምንት መክፈል ነው። ከቤት ለሁለት ወር ተብሎ 2,400 ብር ከተላከ በስምንት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 300 ብር ነው፤ ተማሪው የሚኖረው በዚህ ቁጥር ነው እንጂ በ2,400 አይደለም። ትራንስፖርቱ መጀመሪያውኑ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ለመመለሻ የተቀመጠ ብር ሲነካ ነው ሴሚስተሩ ሲዘጋ ተማሪ ግቢ ውስጥ የሚቀረው። አራት ወይም ስድስት የዶርም ልጆች ሳሙናና ስኳር በጋራ ሲገዙ፣ ሀንድአውት አንዱ አስነስቶ ሌሎቹ በስልክ ፎቶ ሲያነሱት፣ የወር ወጪ በግልጽ ይቀንሳል። ዕቁብ ለተማሪ የሚጠቅመው ሁሉም አባል ቋሚ ገቢ ካለው ብቻ ነው፤ በቤተሰብ ብር ላይ የቆመ ዕቁብ የአንዱ ቤት እህል ሲዘገይ ይፈርሳል።

በቤተሰብና በተማሪ መካከል ያለው ዝምታ ሌላው የጭንቀቱ ግማሽ ነው። እናት ደውላ ምን ጎደለህ ልጄ ስትል ምንም፣ ደህና ነኝ ይላል። እርሷም የአዝመራውን መጥፎነት አትነግረውም። ሁለቱም በመተዛዘን የደበቁት ነገር በኅዳር ላይ ባልታሰበ ዕዳ ይወጣል። ወላጆች ልጃቸውን ከመሸኘታቸው በፊት በአንድ ምሽት ቁጭ ብለው ሁለት ነገር ቢነጋገሩ ይበቃል፤ እስከ መከር ድረስ በእርግጠኝነት ምን ያህል መላክ እንደሚችሉና ከመከር በኋላ ምን እንደሚጨመር። ትንሽም ቢሆን የታወቀ ቁጥር ተስፋ ከተደረገ ትልቅ ቁጥር ይሻላል። ልጁም በጥቅምት ወር ስለ ላፕቶፕ እንዳይጠይቅ፣ በጥር ግን መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል።

የተቋማቱ ድርሻ ክፍያን ከመከሩ ወቅት ጋር ማገጣጠም ነው። በአሰላ ዕዳን ከመከር ጋር ማያያዝ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ካዱ እየተባለ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በዚሁ ከተማ ሥራ ሲጀምር ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር በብድር ይሰጥ ነበር፤ የብድሩ መመለሻ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነበር። ድርጅቱ ያስከተለው ሁሉ መልካም አልነበረም፤ የእርሻው ትርፍ ሲታይ የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ አባርረዋል። የብድሩ መርሕ ግን ትክክል ነበር፤ የገበሬ ዕዳ የሚከፈለው ገበሬው በሚያገኝበት ወር ነው። ማዳበሪያ በዚህ መርሕ ሊሰጥ ከቻለ የልጅ ብርድ ልብስና የአውቶቡስ ክፍያም ሊሰጥ ይችላል።

የአርሲ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ምርት መጠን ያውቃሉ፣ እህሉንም ይረከባሉ። አንድ አባል የልጁን የምደባ ማስረጃ ይዞ ሲመጣ በጥቅምት ሦስት ወይም አራት ሺህ ብር ቢሰጠውና በጥር ካስረከበው እህል ላይ ቢቀነስለት ጊደሯ አትሸጥም፣ ነጋዴውም ስንዴውን ማሳ ላይ አይገዛውም። ለዩኒየኑም አደጋው ትንሽ ነው፤ መያዣው እህሉ ነው፣ ተበዳሪውም የሚታወቅ አባል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከምዝገባ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችና የቅጣት ቀኖች ካሏቸው ከገጠር ለመጡ ተማሪዎች እስከ ጥር አጋማሽ ሊያቆዩላቸው ይችላሉ። በተማሪዎች አገልግሎት ሥር ለአንድ ሴሚስተር የሚሰጥና ያለ ወለድ የሚመለስ አነስተኛ የድንገተኛ ብድር ቢኖር፣ ውሳኔውም በሦስት ቀን ውስጥ ቢሰጥ፣ ከብዙ የምክር ሥልጠና ይበልጣል። ጥያቄው በኮሚቴ ፊት ቆሞ ድህነትን ማስረዳት መሆን የለበትም፤ የተቸገረ ተማሪ በዚያ በር የማይገባው በኀፍረት ነውና። ከመምህራን የሚጠበቀው ከዚህም ያነሰ ነው፤ አሳይንመንት በቴሌግራም መቀበል። በጥሪው ማስታወቂያ ላይም ይዘው ይምጡ ከሚለው ዝርዝር ጎን የመጀመሪያው ወር ግምታዊ ወጪ በብር ቢጻፍ ቤተሰብ በነሐሴ መዘጋጀት ይጀምራል።

የቀረው ትልቁ ጉዳይ ዛሬ የማይከፈለው ዕዳ፣ ማለትም ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለው የወጪ መጋራት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የምግብና የመኝታ ወጪን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 የተማሪው ድርሻ አድርጓል። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቆረጠ ይመልሳል፤ መመለሻው ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ተወስኗል። በየዶርሙ ስለዚህ ዕዳ የሚወራው ከሚታወቀው ይበዛል። አንዳንዱ የማይከፈል ይመስለዋል፣ ሌላው ዕድሜ ልክ የሚከተለው ይመስለዋል። ብዙው ትክክለኛውን ነገር የሚሰማው ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሄዶ የከፈለበትን ማስረጃ ሲጠየቅ ነው።

ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ከመቶ 10 ማለት በወር 1,150 ብር ነው። የምግብ በጀቱ 100 ብር በሆነበት ዘመን የአንድ ዓመት ምግብ በ300 ቀን ቢታሰብ 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይመጣል። ይህ ሙሉ በሙሉ በውሉ ላይ ከሰፈረ የምግቡ ዕዳ ብቻ በመነሻ ደመወዝ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል። የካፌው ማዕድ መሻሻል ተገቢ ነው፤ የተሻሻለው ማዕድ ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ግን ለተማሪው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዕዳው በገቢ ላይ የተመሠረተ መሆኑም አብሮ ይነገረው። ሥራ ያላገኘ ምሩቅ በወር 1,150 ብር ከየት አመጣለሁ ብሎ ሲጨነቅ እንዳያድር ይህን ማወቁ ብቻ ይረዳዋል።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለተቋማቱ ሬጅስትራር የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል በሚፈረምበት ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የዓመቱን ዕዳ፣ እስከዚያ የተጠራቀመውን ድምር፣ መክፈል የሚጀምርበትን ሁኔታና በመነሻ ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጥበትን ግምት የያዘ ቅጂ ይሰጠው። ቅጂው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ በበቆጂ ወይም በኢተያ ያለ አባት ልጁ የፈረመውን ውል ራሱ አንብቦ ሊረዳው ይገባዋልና።